የእንግሊዝኛው «ሃንድ» በፖላንድኛ፦ ከአካል ስም እስከ ፈሊጥ

ከእንግሊዝኛ ወደ ፖላንድኛ የሚተረጉም ሰው መዝገበ ቃላት ሳይገልጥ ከሚያልፋቸው ቃላት አንዱ «ሃንድ»፣ ማለትም እጅ፣ ነው። የጀማሪ መማሪያ መጽሐፍ ሁሉ «ሃንድ» ማለት «ሬንካ» ነው ብሎ ያስተምራል፤ ትምህርቱም ስህተት የለበትም። ችግሩ ያለው ሁለቱ ቃላት የሚሸፍኑት የአካል ክፍል እኩል አለመሆኑ ላይ ነው። ከአካል ወጥተው ፈሊጥ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ አንዳንዴ አብረው ይሄዳሉ፣ አንዳንዴ ይለያያሉ፣ አንዳንዴም አብረው የሚሄዱ እየመሰሉ ይለያያሉ። ይህ የመጨረሻው ዓይነት ጠንቃቃ ተርጓሚን ሳይቀር ስለሚያሳስት፣ ሰፊውን ቦታ የምሰጠው ለእርሱ ነው።

ከአካሉ እንጀምር። እንግሊዝኛ ከትከሻ እስከ ጣት ጫፍ ያለውን አካል የእጅ አንጓ ላይ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ወደ ትከሻ ያለው «አርም»፣ ወደ ጣት ያለው «ሃንድ» ይባላል። ፖላንድኛ በዕለት ተዕለት ንግግር ይህን ድንበር አያሰምርም። «ሬንካ» ሙሉውን ሊሸፍን ስለሚችል፣ ክንዱ የተሰበረውም ሰው መዳፉን ቢላ የቆረጠውም ሰው ስለ «ሬንካው» ይናገራል። ትኩረቱ ከአንጓ በታች ባለው ክፍል ላይ ብቻ እንዲያርፍ የፈለገ ጸሐፊ ደግሞ «ድዎኝ» የሚባል ሌላ ቃል አለው። የዚህ ቃል ጠባብ ትርጉም መዳፍ ነው፤ ሰፋ ሲል ግን መላውን «ሃንድ» ይወክላል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም። እኛም «እጁ ተሰበረ» ስንል አጥንቱ የክንድ ይሁን የመዳፍ አንለይም፤ መለየት ካስፈለገ ክንድ፣ አንጓ፣ መዳፍ እያልን እንጨምራለን። እግርም እንደዚሁ ነው፤ እንግሊዝኛ ለሁለት የሚከፍለውን ፖላንድኛ በተራ ንግግር «ኖጋ» ብሎ ይጠቀልለዋል። «ፓሌትስ»ም እንደ ጣት የእጁንም የእግሩንም ይይዛል። ስለዚህ ፖላንድኛን በእንግሊዝኛ መማሪያ የሚማር አማርኛ ተናጋሪ ከ«እጅ» ወደ «ሬንካ» በቀጥታ ቢሄድ ይሻለዋል። በእንግሊዝኛው በኩል ሲዞር፣ በራሱም ቋንቋ በሚማረውም ቋንቋ የሌለ ድንበር ይዞ ይገባል።

ነገሩ የሚከብደው የሕክምና ሰነድ ሲመጣ ነው። በፖላንድ የሰውነት አካል ጥናት «ሬንካ» የሚለው ስም ጠባብ ነው፤ ከአንጓ በታች ያለውን ብቻ፣ ማለትም የእንግሊዝኛውን «ሃንድ» ያህል ይይዛል። ከትከሻ እስከ ክርን ያለው «ራምዬ»፣ ከክርን እስከ አንጓ ያለው «ፕሼድራምዬ» ይባላል። ሐኪሙና ሕመምተኛው እንግዲህ በአንድ ቃል ሁለት የተለያየ ስፋት ያለው አካል ይጠራሉ። «የሃንድ ጉዳት» የሚለውን የእንግሊዝኛ የሕክምና ማስረጃ የሚተረጉም ሰው «ሬንካ» ብሎ ቢጽፍ ለሐኪሙ ትክክል ጽፏል፤ ወረቀቱን የሚያነበው ሕመምተኛ፣ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ወይም ቀጣሪ ግን ጉዳቱ ክንድ ላይ ነው ብሎ ሊረዳ ይችላል። መፍትሔው የጉዳቱን ቦታ በአጥንቱ ወይም በመገጣጠሚያው ስም ማስያዝ ነው፤ አንጓ ከሆነ «ናድጋርስቴክ»፣ በአንጓና በጣቶች መካከል ከሆነ «ሽሩድሬንቼ» የሚሉ የማያሻሙ ስሞች አሉ።

«ራምዬ»ም ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሐኪሙ የላይኛውን ክንድ ብቻ ሲጠራበት፣ ተራው ሰው ትከሻውንም ይጨምርበታል። ትከሻን ነቅነቅ አድርጎ «ምን አውቃለሁ» ማለትን ፖላንድኛ የሚገልጸው በዚሁ ቃል ነው፤ ጎን ለጎን ተሰልፎ መታገልም «ራምዬ ቭ ራምዬ» ይባላል። ሕፃን መታቀፍ ሲሆን ደግሞ እንግሊዝኛው «በአርም» የሚለውን ፖላንድኛ «ና ሬንካኽ»፣ ማለትም በእጅ ይለዋል፤ ፍቅረኛን በክንድ ማቀፍ ግን ወደ «ራምዬ» ይመለሳል። እነዚህን የሚያስተሳስር አንድ ሕግ ባለመኖሩ ከነዐረፍተ ነገራቸው ከመያዝ ሌላ መንገድ የለም።

በ«ሬንካ» እና በ«ድዎኝ» መካከል ያለው ምርጫ የስፋት ብቻ ሳይሆን የቃናም ነው። «ድዎኝ» ከበድ ያለና የተከበረ ድምፅ አለው፤ «ኡሽቺስክ ድዎኒ» የሚለው የእጅ መጨባበጥ በደብዳቤና በንግግር ማሳረጊያ ይገኛል፣ የርዳታ እጅ መዘርጋትም «ፖሞትስና ድዎኝ» ይባላል። አንድ ነገር ገሃድ ወጥቶ ሲታይ ፖላንዳውያን መዳፍ ላይ እንዳለ ይታያል ይላሉ። በሌላ በኩል፣ ልጅን ከምግብ በፊት እጅህን ታጠብ ሲሉት ሁልጊዜ የ«ሬንካ» ብዙ ቁጥር የሆነው «ሬንትሴ» ነው፤ በዚያ ቦታ «ድዎኝ» የሚል እናት የለችም። በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ውስጥ «ሃንድ» በመጣ ቁጥር «ድዎኝ» የሚል ተርጓሚ ለአካሉ ስፋት ታማኝ ይሆናል፤ ጽሑፉ ግን ከሚገባው በላይ ይከብድበታል።

ወደ ፈሊጡ ስንመጣ፣ የእንግሊዝኛው «ሃንድ» በፖላንድኛ ጨርሶ የሚጠፋባቸው ብዙ ናቸው፤ እነዚህ የሚያስፈሩ ቢመስሉም በእርግጥ ቀላሎቹ ናቸው። «ኦን ዚ አዘር ሃንድ» የሚለው «በሌላ በኩል» የሚል ሐሳብ ሲሆን ፖላንድኛው እንደ አማርኛው ስለ ጎን ይናገራል፤ «ዝ ድሩግዬይ ስትሮኒ» ማለት ከሌላው ጎን ነው። ሰውን በወንጀል ላይ እያለ መያዝን እንግሊዝኛ በቀላ እጅ፣ አማርኛ እጅ ከፍንጅ ሲለው፣ ፖላንድኛ «ና ጎሮንትሲም ኡቺንኩ» ይላል፤ ድርጊቱ ገና እንደጋለ ማለት ነው፣ ሐረጉም በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ ውስጥ ይገኛል። ከእጅ ወደ አፍ የሆነ ኑሮ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት ሥዕል ይዟል፤ ፖላንድኛ ግን «ዝ ድኒያ ና ጄኝ»፣ ከቀን ወደ ቀን መኖር ይለዋል። እንግሊዝኛ «ሃንድ» የሚለው የሰዓት ቆጣሪም በፖላንድኛ እጅ አይባልም፤ «ፍስካዙፍካ» ከመጠቆም የወጣ ስም ሲሆን ፍንጭ ወይም ምክር የሚል ትርጉምም አለው። ሰከንድ ቆጣሪው ለብቻው «ሴኩንድኒክ» ይባላል። እንግሊዝኛ ግን ይህን ቆጣሪና አገልግሎት ላይ የዋለን ዕቃ «ሴከንድ ሃንድ» በሚሉ ተመሳሳይ ሁለት ቃላት ስለሚጠራ፣ የሰዓት ማስታወቂያ የሚተረጉም ሰው ቆም ብሎ ማየት አለበት። የዋለው ዕቃ «ዝ ድሩግዬይ ሬንኪ»፣ ከሁለተኛ እጅ የመጣ ነው፤ እዚህ ላይ ፖላንድኛና እንግሊዝኛ ይገጥማሉ።

ተርጓሚው እነዚህን በቀላሉ የሚያልፋቸው ቃል በቃል ሲያስገባቸው ትርጉም ስለማይሰጡ ነው። ዐረፍተ ነገሩ ራሱ ስለሚያስቆመው ፈልጎ ያገኛል።

በሌላው ጫፍ ደግሞ በሦስቱም ቋንቋዎች ያለ ለውጥ የሚያልፉ አሉ። ጲላጦስ በማቴዎስ ወንጌል 27፥24 በሕዝቡ ፊት እጁን ስለታጠበ፣ እንግሊዝኛም ፖላንድኛም አማርኛም ከኃላፊነት መውጣትን በእጅ መታጠብ ይገልጻሉ፤ ፖላንድኛው «ኡሚቫም ሬንትሴ» ነው። የታሰረ እጅ፣ ባዶ እጅ፣ የአለቃ ቀኝ እጅ የሆነ ሰው ሁሉም ይገጥማሉ። ከዚያው ወንጌል የመጣ ሌላ አባባል ግን የሚገባውን ያህል አይታይም። በማቴዎስ 6፥3 ላይ ምጽዋት ስትሰጥ ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ ተብሏል። የዛሬው እንግሊዝኛ ይህን ቃል ከምጽዋት አውጥቶ፣ አንዱ ክፍል ሌላው የሚሠራውን ለማያውቅበት የተዘበራረቀ መሥሪያ ቤት ይጠቀምበታል። በፖላንድኛው ትውፊታዊ አነጋገር ቀኝ እጅ «ፕራቪትሳ»፣ ግራ እጅ «ሌቪትሳ» ነው፤ ሁለቱም ቃላት በዛሬው ንግግር በመጀመሪያ የሚያስታውሱት የፖለቲካ ቀኝና ግራ ክንፎችን ነው። ስለ ፓርላማ በተጻፈ የእንግሊዝኛ ዜና ውስጥ አባባሉ ቢገኝና ወደ ፖላንድኛ እንዳለ ቢገባ፣ አንባቢው ስለ ፓርቲዎች የተነገረ ይመስለዋል።

አሁን ወደ አሳሳቾቹ ደርሰናል። «ሃንድ ኢን ሃንድ» እና «ሬንካ ቭ ሬንኬ» ሲታዩ አንድ ናቸው፤ እንግሊዝኛው ግን ቢያንስ ሦስት ሥራ ይሠራል። ተያይዘው ስለሚሄዱ ጥንዶች ሲሆን ፖላንድኛ በተለመደው መንገዱ «ችማዮንትስ ሼ ዛ ሬንትሴ»፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይላል። ድህነትና በሽታ አብረው ይሄዳሉ ለማለት ሲሆን «ፍ ፓዤ»፣ ጥንድ ሆነው ይሄዳሉ ማለት ይቀናዋል። «ሬንካ ቭ ሬንኬ» ከሁሉ ይበልጥ የሚስማማው ሰዎች ወይም ተቋማት ተባብረው ሲሠሩ ነው። ለሦስቱም ቦታ አንዱን ሐረግ የደገመ ትርጉም ሰዋስዋዊ ስህተት ሳይኖርበት ሁለት ቦታ ይሻክራል።

ከዚህ የከፋው «አንድ እጅ ሌላውን ያጥባል» የሚለው ነው። ሥሩ የጥንት ሮማውያን አባባል ሲሆን በእንግሊዝኛ ያለ ነቀፌታ ሊነገር ይችላል፤ ዛሬ እኔ ረዳሁህ፣ ነገ አንተ ትረዳኛለህ ለማለት ይውላል። ፖላንድኛው «ሬንካ ሬንኬ ሚዬ» ቃል በቃል ያው ሆኖ ሳለ ስም የሚያጠፋ ነው፤ ጥቅም ያስተሳሰራቸው ሰዎች አንዱ የሌላውን ጥፋት እየሸፈነ መኖራቸውን ይናገራል። እንግሊዛዊ ነጋዴ ለአጋሩ በምስጋና የጻፈው ደብዳቤ በዚህ ሐረግ ቢተረጎም፣ ፖላንዳዊው ተቀባይ በሙስና እንደተጠረጠረ ሊያስብ ይችላል። «ፕሺስዉጋ ዛ ፕሺስዉጌ»፣ ውለታ በውለታ፣ የሚለው እጅ ባይኖርበትም ሐሳቡን በንጽሕና ያደርሳል።

የደመወዝ ነገርም እዚህ ይገባል። በፖላንድ የሥራ ማስታወቂያ ላይ ከገንዘቡ መጠን ቀጥሎ «ና ሬንኬ» የሚል ሲጻፍ፣ ግብርና የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ተቀንሶ ሠራተኛው እጅ የሚገባውን የተጣራ ደመወዝ ያመለክታል። በብሪታንያ እንግሊዝኛ «ካሽ ኢን ሃንድ» ሲባል ግን በጥሬ ገንዘብ፣ ብዙውን ጊዜም ከግብር መዝገብ ውጭ የሚከፈል ሒሳብ ማለት ነው። አንዱ የሕጋዊ ደመወዝ ስሌት ነው፣ ሌላው ሕጋዊነቱ የሚያጠራጥር አከፋፈል ነው፤ በሁለቱም ውስጥ እጅ አለ። ይኸው «ና ሬንኬ» ስለ ገንዘብ ባልሆነ ንግግር «ይመቸኛል» የሚል ትርጉም ይይዛል፤ ስብሰባው ወደ ማክሰኞ መዛወሩ «ና ሬንኬ» ከሆነ ተስማማኝ ማለት ነው።

«ኦድ ሬንኪ» ደግሞ ቃል በቃል «ከእጅ» ነው። ቁልፍ በሚያስቀርጹበት፣ ጫማ በሚያሳድሱበት ሱቅ ላይ ተጽፎ ቢገኝ «እዚሁ ቆመው ሳሉ፣ ወዲያውኑ» የሚል ተስፋ ነው። ከእንግሊዝኛው «ኦፍሃንድ» ጋር መልኩ ቢቀራረብም፣ ያ ሳይዘጋጁ መናገርን ወይም ግድየለሽ አመልን ይገልጻል። እንግሊዝኛ «አውት ኦፍ ሃንድ» የሚለውም ሁለት የማይገናኙ ትርጉሞች አሉት፤ ነገር ከቁጥጥር ሲወጣ ይባላል፣ ሐሳብ ሳይመረመር ወዲያው ውድቅ ሲደረግም ይባላል። በፖላንድኛ ለመጀመሪያው ከቁጥጥር ሥር ማምለጥ፣ ለሁለተኛው ያለማመንታት መጣል ተብሎ መጻፍ አለበት፤ ሁለቱም ቦታ እጅ አይገባም።

እንግሊዝኛ አድንቆ የሚጠቅሳት በእጅ ያለችዋ ወፍ በቁጥቋጦ ውስጥ ካሉ ሁለት ወፎች ትበልጣለች። በፖላንድኛ ወፏ ድንቢጥ ሆና ትመጣለች፣ ውጪ ያለውም እርግብ ሆኖ ጣሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ድንቢጧ ያለችው ደግሞ በ«ሬንካ» ሳይሆን በ«ጋርሽች»፣ በተጨበጠ እጅ ውስጥ ነው። ይህ «ጋርሽች» እንደኛ እፍኝ መለኪያም ይሆናል። በአማርኛ በእጅ ስላለ ነገር የታወቀው ምሳሌ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚለው ነው፤ ትምህርቱም ሌላ ነው። እነርሱ የያዝከውን አትልቀቅ ሲሉ እኛ ሰው የያዘውን እንደሚንቅ እንናገራለን።

እስካሁን ያየነው የእጅን ስም ነው። እንግሊዝኛ ግን ስሙን ግስም ያደርገዋል፤ ከኋላው አንዲት ትንሽ ቃል በማስከተልም ማስረከብን፣ ማደልን፣ ለትውልድ ማውረስን፣ የቤት ሥራ ለመምህር መስጠትን ያወጣበታል። አማርኛ ለእያንዳንዱ የተለያየ ግስ ሲያቀርብ ፖላንድኛ «ዳች» ከሚለው የመስጠት ግስ ፊት ቅጥያ ያስቀድማል፤ «ፖዳች» ማቀበል፣ «ኦዳች» መመለስ ወይም ማስረከብ፣ «ሮዝዳች» ማደል ነው። እጅ ጠፋ ለማለት ግን አንቸኩል። የፖላንድኛው እጅ በቃላት ሥር ውስጥ ገብቶ «ሬንች» የሚል ቅርጽ ይዞ በብዙ ቦታ ይሠራል። ሽልማት በሥነ ሥርዓት መስጠት «ቭሬንቺች» ነው፤ ለሰው ዋስ መሆን «ፖሬንቺች» ነው፤ የደረጃ መደገፊያ «ፖሬንች» ነው፤ መተጫጨትም «ዛሬንቺኒ» ይባላል፤ የልጅቱን እጅ መጠየቅ የሚለው አነጋገርም በፖላንድኛ እንደ እንግሊዝኛው አለ። በእጅ የተጻፈ ጥንታዊ መጽሐፍ «ሬንኮፒስ» ነው። ፈሊጡ ላይ እጁን ያጣ ተርጓሚ ብዙ ጊዜ በእነዚህ ቃላት ሊክሰው ይችላል፤ በእኔ እምነት ጥሩ ፖላንድኛ ትርጉም ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ ይህ ነው።

የእጅ ኳስም በዚሁ ሥር «ፒውካ ሬንችና» ይባላል። ፖላንዳውያን ግን «ሽቺፒዮርኒያክ» የሚል የራሳቸው ስም ጨምረውለታል። እ.ኤ.አ. በ1917 ለጀርመንና ለኦስትሪያ-ሃንጋሪ ጦር ታማኝ የጦር አጋር ለመሆን የተጠየቁትን መሐላ አንፈጽምም ያሉ የፖላንድ ሌጌዎን ወታደሮች ያኔ በካሊሽ ከተማ አጠገብ በነበረችው ሽቺፒዮርኖ ታስረው ነበር፤ ጨዋታውን በዚያ ይጫወቱ ስለነበር ስሙ ከቦታው ወጣ። ይህን ስም የእንግሊዝኛው ቃል ሊጠራው አይችልም፤ ስለ ፖላንድ ስፖርት ታሪክ የሚተረጉም ሰው ግን ሊያውቀው ይገባል።

ፖላንድኛ ከእንግሊዝኛ ያልተበደራቸው የእጅ ፈሊጦችም አሉት። ሥራ የማይሆንለት ሰው ሁለት ግራ እጅ አለው። ቧንቧውንም መብራቱንም በሩንም የሚጠግን ባለሙያ «ዝዎታ ሮንችካ»፣ ወርቃማ ትንሽ እጅ ይባላል። ተስፋ ሲቆረጥ እጆች ይወድቃሉ፤ ሥራ የፈታ ሰው ደግሞ እንደኛው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። እንግሊዝኛው እጅን ባልጠቀሰበት ቦታ እነዚህን ማስገባት ይፈቀዳል፣ አንዳንዴም ይገባል።

ሰዋስውም የራሱን ዋጋ ያስከፍላል። የፖላንድኛ ስም በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ እንደሚይዘው ተግባር በሰባት ሙያዎች ስለሚለዋወጥ «ሬንካ» እንደ ቦታው ሬንኪ፣ ሬንኬ፣ ሬንኮን፣ ሲበዛም ሮንክ ይሆናል። ዛሬ ብዙ ቁጥር የምንለው «ሬንትሴ» ደግሞ ቋንቋው ለሁለት ነገሮች ብቻ ልዩ ቁጥር ከነበረው ዘመን የቀረ ነው። ከዚህ ይልቅ ትርጉምን የሚያጋልጠው የባለቤትነት ቃል ነው። እንግሊዝኛ ሰውየው እጆቹን ኪሶቹ ውስጥ ከተተ ሲል ሁለቱም ላይ «የእርሱ» ይላል፤ ፖላንድኛ የማን እጅ እንደሆነ ግልጽ ስለሆነ «ቭዎዢው ሬንትሴ ዶ ክዬሼኒ»፣ እጆች ወደ ኪሶች ከተተ ብሎ ያልፋል። በየመስመሩ «የራሱን እጅ» የሚል የፖላንድኛ ገጽ ከእንግሊዝኛ መምጣቱን ሳይጠየቅ ይናገራል።

የራስ እጅ መጠቀስ ያለበት ልዩነቱ ለውጥ የሚያመጣ ሲሆን ነው፤ ይህም በሕግ ሰነድ ጎልቶ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የፖላንድ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 949 ተናዛዡ ራሱ የሚጽፈው ኑዛዜ በሙሉ በእጅ ጽሑፍ እንዲጻፍ፣ እንዲፈረምበትና ቀን እንዲደረግበት ይደነግጋል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ «ሃንድሪትን»፣ በእጅ የተጻፈ፣ የሚለው ቃል በእንዲህ ያለ ሰነድ ውስጥ ስለ ውበት ወይም ስለ አጻጻፍ ዓይነት የተነገረ ሳይሆን ኑዛዜው ይጸናል ወይስ አይጸናም የሚለውን የሚወስን ነው። ፖስታ ላይ የሚጻፈውም እንዲሁ ነው። እንግሊዝኛው «ባይ ሃንድ» ደብዳቤው በፖስታ ቤት ሳይሆን በሰው እጅ መላኩን ይናገራል፤ የተቀበለው ማን እንደሆነ ግን አይገድበውም። ፖላንድኛው «ዶ ሮንክ ፍዋስኒኽ»፣ ወደ ራሱ እጆች፣ ሲል ከባለቤቱ በቀር ማንም እንዳይቀበል ያዛል፤ የመጀመሪያውን በሁለተኛው የተረጎመ ሰው ጽሕፈት ቤቱ ሊቀበለው ይችል የነበረውን ደብዳቤ ባለቤቱ እስኪመጣ እንዲመለስ ያደርገዋል።